ልጅዎን ጎንደር ላይ እንዴት በወቅቱ ያስከትባሉ?

አዘዞም ይኑሩ ማራኪ፣ የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ሰውን የሚያምታታው የቀጠሮው ቆጠራ ነው።

መጀመሪያ የልደቱ ክትባት። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከወለዱ፣ ከመውጣትዎ በፊት ልጁ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) እና የፖሊዮ ጠብታ መውሰዱን ይጠይቁ። የክትባት ካርዱንም ይያዙ። ቤት ከተወለደ በ2 ሳምንት ውስጥ ይውሰዱት፤ የልደት የፖሊዮ ጠብታ ከዚያ በኋላ አይሰጥም። ቢሲጂ የተወጋበት ክንድ ከሳምንታት በኋላ ቁስል ቢጤ ያወጣል። አይደንግጡ፣ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ቅቤም ቅባትም አይቀቡት።

ቀጥሎ ቆጠራው። ሦስቱ ቀጠሮዎች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ናቸው። ወራችን 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ 1 ወር ከ12 ቀን፣ 2 ወር ከ10 ቀን፣ 3 ወር ከ8 ቀን ማለት ነው። መስከረም 5 የተወለደ ልጅ ጥቅምት 17፣ ኅዳር 15 እና ታኅሣሥ 13 ይከተባል። ዕለቱም አይለወጥም፤ ማክሰኞ የተወለደ ሦስቱም ማክሰኞ ይውላሉ። ጳጉሜን መሃል ከገባች ብቻ ቀኖቿን ይቀንሱ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከዋለ ሰኞ ይሂዱ እንጂ ቀኑን አያስቀድሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሣ የ6 ሳምንቱ ክትባት ወዲያው ይከተላል፣ ችግር የለም። የሴት ልጅ ግን 80 ቀን ነው። ‹‹ክርስትናዋ ይውጣና›› ከተባለ ሁለት ቀጠሮ አለፈ ማለት ነው። በነዚህ ቀጠሮዎች ክትባት የሚሰጥለት ትክትክ ደግሞ ክፉኛ የሚበረታው በጨቅላዎች ላይ ነው። እናት ከአራስ ቤት መውጣት ካልፈለገች አባት ወይም አያት ካርዱን ይዘው ሕፃኗን ይውሰዱ። አባት ልጅ አቅፎ ወረፋ ቢይዝ ምን ነውር አለው?

በነዚህ ቀጠሮዎች ፔንታ (ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከል) እና የሳንባ ምች ክትባት ጭን ላይ ይወጋሉ። የፖሊዮና የሮታ (የተቅማጥ መከላከያ) ጠብታም አለ። ማታ ትኩሳት ቢጤ ሊኖር ይችላል፤ ጡት ደጋግሞ ማጥባት ነው። ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም። ቀለል ያለ ጉንፋን ክትባት አያስቀርም።

ኩፍኝ በ9 ወር እና በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው በጣም ይረሳል፤ ልጁ ድክ ድክ ሲል ካርዱ የት እንደገባ ማን ያውቃል! ‹‹ሐሙስ ይምጡ›› ቢባሉም አይቀየሙ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ልጆች ሰብስቦ መክተብ የግድ ነው።

ቀጠሮ ካለፈ ከዜሮ አይጀመርም፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ለሥራ ወደ መተማ የሚወርዱ ካርዱን አብረው ይያዙ፣ እዚያም ይከተባል።