ጡረታ ሲቃረብ ወሎ ውስጥ መኖሪያ እንዴት ይመረጣል? ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት

ለጡረታ የተቃረቡ ባልና ሚስት «አዲስ አበባ በቃን፣ ወሎ እንግባ» ሲሉ ወሬው ቶሎ ወደ አየሩና ወደ ቤት ዋጋው ይሄዳል። ልጅ ያለው ሰው ከዚያ ቢጀምር ብዙም አይጎዳም፤ ነገሩ ካልሆነለት ልጁ መጥቶ ይወስደዋል። ጧሪ ቀባሪ የሚሆን ልጅ ለሌላቸው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከሁለታችን አንዳችን ስናልፍ፣ የቀረው ሰው ብቻውን የት መኖር ይችላል? ደሴ ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይስ ወልድያ የሚለው ከዚህ ይከተላል።

የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። ይህን ምርጫ ግን በ55 ጀምሩት፤ ጉልበትም ደመወዝም ሳለ ተዟዙሮ ማየት ይቀላል።

1. «ማን ይቀራል?» የሚለውን አስቀድሙ

ከባድ ወሬ ነው፤ «ምን ያሟርትሃል» መባባልም አይቀርም። ቢሆንም ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። በኛ አገር ብዙ ጊዜ ሚስት በዕድሜ ታንሳለችና የምትቀረው እሷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ቦታውን መጀመሪያ በእሷ ዓይን እዩት።

ልማዱ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚገባው ወደ ባል የትውልድ ቦታ ነው። ወንድሞቹ እዚያ ናቸው፣ አብሮ አደጎቹ እዚያ ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደስ ይላሉ። ባል ሲሞት ሚስት በእሱ እህትና ወንድሞች መሀል ብቻዋን ትቀራለች፤ እነሱ ደግሞ፣ ከታች እንደምታዩት፣ በሕግ የሟች ወራሾች ናቸው። ሰዎቹ ክፉ መሆን የለባቸውም፤ አንድ ቤት ለሁለት ወገን ሲሆን ደግ ሰውም ይጣላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከባል መንደር ይልቅ የሚስት ወገን ያለበትን ወይም ለሁለቱም እኩል የሆነውን ከተማ እመርጣለሁ።

እንዲህ አድርጉ። ሁለታችሁም ለየብቻ ወረቀት ይዛችሁ፣ በዚያ ከተማ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ብትታመሙ የምትደውሉላቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። ከዚያ ሚስት ከራሷ ዝርዝር የባሏን ዘመዶች ትሰርዝ፣ ባልም የሚስቱን። አንድም ስም ያልቀረለት ሰው ካለ ያ ከተማ ለዓመት በዓል መሄጃ ይሁን እንጂ መኖሪያ አይሁን።

2. ቅሬውን ከቤቱ በፊት ጠይቁ

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ወሎ ውስጥ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው፤ ይህ ለእንግዳ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን «ቅሬ አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የሌለበት ሰፈር አታገኙም። የቅሬውን ዳኛ (ሰብሳቢውን) ወይም ጸሐፊውን አግኝታችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ፦

ዕድሜው ከገፋ በኋላ የሚገባ ሰው መግቢያ ስንት ይከፍላል? ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የተገዛው በቆዩት አባላት ገንዘብ ስለሆነ ለአዲስ ገቢ ተደምሮ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ባል ቢሞት አባልነቱ በሚስት ስም ይቀጥላል ወይስ እንደገና መመዝገብ አለባት? መቃብር ቁፋሮና ድንኳን ተከላ ሲታወጅ ጉልበት የሌለውና የሚልከው ልጅ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል፣ ቅጣት ይከፍላል ወይስ ይታለፋል? ከገባችሁ ስንት ወር በኋላ ነው ሙሉ ተጠቃሚ የምትሆኑት?

ለነዚህ ጥያቄዎች ሳይሰለች የሚመልስ የቅሬ ጸሐፊ ያለበት ሰፈር ግማሽ ችግራችሁን አቃሏል።

ቡናም አለ። ጎረቤት ጠርቷችሁ ስትቀመጡ፣ አቦሉ ሳያልቅ «ልጆች የት ናቸው?» ይመጣል። በክፋት አይደለም፤ ወሎዬ ሰውን በቤተሰቡ ነው የሚያውቀው። «አላህ አልሰጠንም» ወይም «እግዜር አላለልንም» ብላችሁ ብትመልሱ ቤቱ ሁሉ ዱዓና ምርቃት ያወርዳል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። አንዳችሁ እንዲህ፣ ሌላችሁ «ውጭ አገር ናቸው» ካላችሁ ግን ወሬው ሰፈሩን ይዞራል። መልሳችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ አድርጉት። የገጠር ዘመድ «ልጄን ከናንተ ጋር ትማር» ብሎ መላኩም የተለመደ ነው። ከተስማማችሁ መልካም፤ ስንት ዓመት እንደምትቆይና ወጪዋን ማን እንደሚችል ግን በመጀመሪያው ቀን ይነገር።

3. አየሩንና ዳገቱን በጉልበታችሁ ለኩ

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ጦሳ ተራራ በላይዋ ነው። ብርድና ጉም አለ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ አለ። የደም ግፊት ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይግባባት። ከብርዱ የሚብሰው ግን ዳገቱ ነው። ከአስፋልት ዳር የምታዩት ቤትና ከአስፋልቱ ወደ ላይ በድንጋይ መንገድ የሚወጣበት ቤት በዋጋ ይለያያሉ። ርካሹ ያማልላል። አንድ ፈተና አለ፦ ከገበያ አምስት ኪሎ ሽንኩርትና ሁለት ሊትር ዘይት ገዝታችሁ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ በእግራችሁ እስከ ቤቱ በር ውጡ። መሀል ላይ ቆማችሁ ካረፋችሁ፣ በ75 ዓመታችሁ ያንን መንገድ አትወጡትም። ባጃጅ እስከ በሩ ይገባ እንደሆነም እዩ፤ ባጃጅ የማይገባበት ቤት አምቡላንስም አይገባበትም።

ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ የምታገኟት ናት፤ ከፍታዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ሞቃት ናት፣ ብዙው ሜዳ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ጉልበቱን እያመመው ለሚገባ ሰው የኔ ምርጫ እሷ ናት። ችግሯ ወባ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ አጎበር ሳይሰቅሉ መተኛት የለም። ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለ የቤት ኪራይም እንደ ትንሽ ከተማ አይደለም።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አየሩ ወይና ደጋ፣ ኑሮው ዝግ ያለ ነው። ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ይስማማል፣ ለሁልጊዜ ታማሚ ግን ደሴ መመላለስ ይበዛበታል። ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ናት፤ የላስታ ወይም የራያ ዘመድ ላለው መሀል ላይ ትቀመጣለች። ቆቦና ባቲ ለሙቀት ያልተወለደ ሰው አይችላቸውም።

4. ሐኪም ቤቱን ጤነኛ ሆናችሁ ጎብኙ

የአካባቢው ትልቁ ሕክምና ያለው ደሴ ነው፤ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ከዙሪያው ሁሉ በሽተኛ ይቀበላል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይንና በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ዓይን የማያስቸግረው ስለሌለ አስታውሱት። ስትጎበኙ ሕንፃውን ሳይሆን መድኃኒቱን ጠይቁ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሐኪም ወረቀታችሁን ይዛችሁ በከተማው ሦስት መድኃኒት ቤት ግቡና «ይሄ በየወሩ ይገኛል?» በሉ። በሁለቱ «አሁን የለም፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል» ከተባላችሁ፣ የየወሩን መድኃኒት የሚልክላችሁ ሰው ከአሁኑ ፈልጉ። አስታማሚም አስቡ፤ ሆስፒታል ስትተኙ ምግብ የሚያመላልስና መድኃኒት የሚገዛ ሰው የግድ ነው። ልጅ ከሌለ ያ ሰው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ።

5. መንገዱን ጠይቁ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፏል፤ ከዚያም ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አልጠፋም። ለመወሰን የሚረዳችሁ የከተማው ነዋሪና የመኪና ሹፌር ነው፤ በዜና አትወስኑ። አንድ ወር የሚያቆይ መድኃኒት፣ እህልና ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ የማስቀመጥ ልማድ ይኑራችሁ።

6. ሳትገዙ ተከራዩ

የአዲስ አበባውን ቤት ሳትሸጡ ወይም ሳትለቁ፣ ቢያንስ አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ኑሩ። በጥር ሄዶ ቤት የሚገዛ ሰው የሚያየው ፀሐይ ነው፤ ሐምሌ ያሳየዋል። ውሃ በፈረቃ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚመጣ፣ ሮቶውን ማን እንደሚያጥብ፣ ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው ይሁን ቁጢጥ የሚሉበት፣ ግቢው በማታ መብራት ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው በመኖር ነው።

ስትገዙ ካርታውን በማዘጋጃ ቤት አረጋግጡ፤ የሊዝ ዕዳና የባንክ እገዳ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥምና «ከገበሬው ገዝቼ ልሥራ» የሚል ሐሳብ ይቅር፤ ለሁለት ሽማግሌ የፍርድ ቤት ምልልስ ጡረታውን ይጨርሳል።

7. ገንዘቡን በአንድ ሰው አስሉት

የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ከደመወዝ ላይ የሚታከል አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይገባበትም። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ነው፣ ለሲቪል ሠራተኛ በየተጨማሪው ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ባለ ጡረታው ሲሞት ሚስት ወይም ባል የምታገኘው የአበሉን 50 በመቶ ነው። ጡረታ ያለው አንዳችሁ ብቻ ከሆነ፣ 8,000 ብር የሚገባበት ቤት 4,000 ይሆናል፤ ኪራዩ ግን በግማሽ አይወርድም። የምትመርጡት ከተማ በዚያ 4,000 የሚኖርበት ይሁን።

ጋብቻችሁ በሽማግሌ ወይም በሃይማኖት ብቻ የተፈጸመ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡትና ማስረጃውን ከጡረታ ፋይላችሁ ጋር አያይዙ። ከሞት በኋላ ማስረጃ መፈለግ በሐዘን ላይ ሐዘን ነው።

8. ኑዛዜ ጻፉ፣ ሁለት ወረቀት ላይ

ብዙ ባልና ሚስት የማያውቀው ነገር ይኸውና፦ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስት አይወራረሱም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ቤት ግማሹ የቀሪው ነው፤ የሟች ግማሽ ግን ልጅ ከሌለ ለወላጆቹ፣ እነሱ ከሌሉ ለእህት ወንድሞቹና ለልጆቻቸው ይሄዳል። አብራችሁ የሠራችሁት ቤት ውስጥ የምትቀረው ሚስት ከባሏ ወንድሞች ጋር ተካፋይ ትሆናለች።

መፍትሔው ቀላል ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ ይጻፍበታል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የሚወርስ ሰው ምስክር አታድርጉ። ሁለታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ አትናዘዙ፤ ሕጉ የሁለት ሰው ኑዛዜ በአንድ ጽሑፍ ከሆነ አይቀበለውም። ባል የራሱን፣ ሚስት የራሷን ትጻፍ። በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ ብቻ የተደረገ ኑዛዜ ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ካልተሰጠ ፈራሽ ነው። ቤቱን የሚገዛላችሁ ደላላ ይህን አይነግራችሁም፤ ውል ፈርማችሁ በወጣችሁበት ሳምንት ጨርሱት።