ውሃ ቀስ ብሎ የሚሞላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ ችግሩና መፍትሔው

ማሽኑ ሲነሳ የውሃ ማስገቢያው ጥዝዝ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ወደ ሳሙና ሳጥኑ የሚወርደው ውሃ ግን ክር አክሎ የቀጠነ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ማሽኑ ሥራውን አቁሞ የስሕተት ምልክት ያወጣል፤ በኤልጂ ማሽኖች ላይ «አይኢ»፣ በሳምሰንግ ላይ «4ሲ» ወይም «4ኢ» ተብሎ የሚነበበው ይኸው ነው። ቧንቧው መከፈቱንና በሰፈሩ ውሃ መኖሩን አንባቢ አረጋግጧል ብዬ አልፋለሁ።

በቅድሚያ ጉድለቱ የመስመሩ ይሁን የማሽኑ መለየት አለበት። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ቧንቧውን ዘግተው፣ የውሃ ማስገቢያውን ጎማ ከማሽኑ ጀርባ ከፈቱ በኋላ ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርገው ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በአንድ ደቂቃ ገደማ ከሞላ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ግን ማሽኑን መበታተን ከንቱ ድካም ነው። ይህን ሳይሞክር «ቫልቩ (በመብራት እየተከፈተ ወደ ማሽኑ ውሃ የሚያስገባው ክፍል) ሞቷል» የሚል ጠጋኝ ከመጣ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባልዲውን ያቅርቡለት።

ባልዲው በደንብ ሞልቶ ማሽኑ ግን የማይሞላ ከሆነ፣ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ መንስኤ አንድ ነው፤ ጎማው ከማሽኑ ጋር በሚገጠምበት አፍ ውስጥ ያለችው ትንሽ ወንፊት በዝገትና በደለል መደፈን። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ይህ የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲከርም አሮጌው የብረት ቱቦ ከውስጥ ይዝጋል፣ ውሃው ሲመለስም የተላቀቀውን ዝገትና የረጋውን አፈር እየገፋ ይመጣል። ታንከር ያለው ቤትም አይድንም፤ ታንከሩ ከተተከለ ጀምሮ ታጥቦ የማያውቅ ከሆነ፣ ከሥሩ የተኛው ጭቃ ውሃው ባነሰ ቁጥር ወደ መስመሩ ይገባል።

አንዲት የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ቫልቭ አስቀይረው ማሽኑ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ውሃው እንደገና ስለቀጠነባቸው ሌላ ቫልቭ ገዝተው ጠሩኝ። ወንፊቱን ሳወጣው ቀይ ጭቃ ለብሶ ቀዳዳው አይታይም ነበር፤ ታጥቦ ሲመለስ ማሽኑ በደንብ ሞላ፣ የተገዛውም ቫልቭ ከነካርቶኑ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ቫልቭም አልተበላሸም ነበር፤ ቅያሪው ለጊዜው የሠራው ከአዲስ ወንፊት ጋር ስለመጣ ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋው ወንፊቱን «ውሃ ይከለክላል» ብሎ አውጥቶ መጣል ነው። በአንድ ቤት እንዲሁ ተደርጎ፣ አሸዋው በቫልቩ ውስጥ ላስቲኩ ሥር ገብቶ አላዘጋ ስላለው፣ ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ ውሃ ሲገባ አድሮ ጠዋት የሳሎኑ ምንጣፍ ርሶ ተገኘ።

ወንፊቱን ለማጽዳት ማሽኑ ከሶኬት እንደተነቀለ፣ ቧንቧውም እንደተዘጋ መሃሏ ላይ ያለችውን ጉጥ በቀጭን ፒንሳ ይዘው ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፤ ነጭ የጨው ቅርፊት ካለበት ኮምጣጤ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉት። በመርፌ አይውጉት፤ የሰፋ ቀዳዳ አሸዋ ያሳልፋል። ማሽኑ የቀዝቃዛና የሙቅ ሁለት ማስገቢያ ካለው ሁለቱንም ይመልከቱ። ጎማውን ሲመልሱ በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ የቫልቩ ጥርስ ፕላስቲክ በመሆኑ በፒንሳ የጠበቀ ሁሉ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ባልዲው ራሱ በቀስታ ከሞላ፣ በአንዳንድ ጎማዎች ላይ በቧንቧው በኩልም ወንፊት ስለሚኖር መጀመሪያ እሱን ይዩ፤ ቀጥሎም ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም በጎማው መገጣጠሚያ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበት ይፈትሹ፤ ገበያ ላይ የሞላው ርካሽ ጓርኒሲዮን ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ መንገዱን ይዘጋል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጥፋቱ የግፊት ነው። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ስለሆነ፣ ከማሽኑ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር 0.2 ባር ይሰጣል፤ ብዙ ማሽኖች ግን ቢያንስ 0.3 ወይም 0.5 ባር ይጠይቃሉ። መፍትሔው ታንከሩን ከፍ ማድረግ፣ አለዚያም ከታንከሩ በኋላ ራሱ የሚነሳ ትንሽ ፓምፕ መግጠም ነው።

ውሃው በደንብ እየገባ ማሽኑ ካልሞላ የፍሳሽ ጎማውን ይዩ፤ መሬት ላይ ከተጋደመ የሚገባው ውሃ ወዲያው ይወጣል፤ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር። መብራት ሲዳከም ቫልቩ በወጉ ላይከፈት ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ውሃው አሁንም ከቀጠነ ቫልቩ ይቀየር። የ220 ቮልት ቫልቭ ጥቅልል (ቫልቩን በመብራት የሚከፍተው ሽቦ) በኤሌክትሪክ መለኪያ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያሳያል፤ ጥቅልሉ ደህና ቢሆንም ውስጡ በደለል ሊታፈን ይችላል። ወደ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው የመውጫዎቹን ብዛት፣ የአፉን አቅጣጫና ቮልቱን ያስተያዩ፤ ወንፊት የሌለው ቫልቭ ከሰጡዎት ይመልሱት።