ክሊራንስን ከሁለት ሳምንት ወደ አንድ ቀን ያወረድንበት መንገድ

ችግሩ ይሄ ነበር። ተመራቂ ተማሪ ክሊራንስ (የትምህርት ቤቱ ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ወረቀት) ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ወረቀቱ 9 ፊርማ ይፈልጋል። ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ላብራቶሪ፣ ስፖርት ክፍል፣ ፋይናንስ… መጨረሻ ላይ ሬጅስትራር።

መጀመሪያ ወረቀቱን ወደ ጉግል ፎርም ቀየርነው። ሰልፉ ከኮሪደር ወደ ኢሜይል ተዛወረ እንጂ ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ በቪዚዮ (የሥዕላዊ መግለጫ መሥሪያ ሶፍትዌር) የሚያምር የሥራ ፍሰት ሥዕል ሠራን። ሦስት ቀን በላብን። ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ በቃ።

ከዚያ የአንድ ተማሪ ወረቀት ይዤ እኔው ዞርኩ። በየቢሮው የደረስኩበትንና የወጣሁበትን ሰዓት ጀርባው ላይ ጻፍኩ። መፈረሙ ብቻ ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቀረው ሁሉ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። የላብራቶሪው ሰውዬ ደግሞ መዝገብ እንኳ ሳይገልጡ ፈረሙልኝ! (ለነገሩ የሕግ ተማሪ ላብራቶሪ ምን ይሠራል?)

የሠራልን ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ተማሪው ዕዳ እንደሌለበት እየዞረ ከሚያስፈርም፣ ቢሮዎቹ ዕዳ ያለበትን ይመዝግቡ። አንድ የጋራ ጉግል ሺት ከፈትን። እያንዳንዱ ቢሮ በራሱ ታብ ላይ ብቻ ይጽፋል፤ የሌላው ተቆልፎበታል። ሬጅስትራር የመታወቂያ ቁጥሩን ያስገባል፣ ካውንትኢፍ (ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ የሚቆጥር ቀመር) በየታቡ ይቆጥርና ይደመራል። ዜሮ ከመጣ ክሊራንሱ ይታተማል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የመታወቂያ ቁጥር ላይ አንዱ በስላሽ ይጽፋል፣ ሌላው በሰረዝ። ዳታ ቫሊዴሽን (ከተወሰነው አጻጻፍ ውጭ የሆነውን የማይቀበል ቅንብር) ካላስገባችሁ ባለዕዳው ሾልኮ ያልፋል። እኛ ጋ ሁለት ባለዕዳዎች እንዲህ አልፈዋል።