የጽንስ ክብደት በአልትራሳውንድ፦ ስህተቱ የሚገባው ከሆድ ነው

አልትራሳውንድ ጽንስ አይመዝንም። የጭንቅላት ስፋትና ዙሪያ፣ የሆድ ዙሪያ፣ የጭን አጥንት ርዝመት ይሰጡታል፤ እሱ ያሰላል። አብዛኛው ማሽን የሚጠቀመው የሃድሎክን ቀመር፣ ማለትም ከእነዚህ ልኬቶች ክብደትን የሚገምተውን ስሌት ነው።

ፕሮቡን (ሆድ ላይ የሚደረገውን የማሽኑን መመርመሪያ) ከመያዝዎ በፊት የእርግዝናው ዕድሜ የሚቆጠርበትን የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ያጣሩ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ከፒያሳም ትምጣ ከሜክሲኮ፣ እናት የምትነግርዎ ግን «ጥር 1» ብላ ነው፤ አንዳንዷም «የጥምቀት ማግስት» ትላለች። ጥር 1 ቀን 2017 ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ነው። ጃንዋሪ 1 ብለው ካስገቡ እርግዝናው በ8 ቀን ያረጃል፤ ግራሙ ባይለወጥም ደህናው ልጅ ለዕድሜው ያነሰ ይመስላል። ከ14 ሳምንት በፊት የተነሳ አልትራሳውንድ ካላት ዕድሜውን በእሱ ይቁጠሩ። የውስጥ ባትሪው የደከመ ማሽን ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀን ይስታልና የስክሪኑን ጥግ አይተው ይጀምሩ።

እናቲቱን አስተኝተው ከቀኝ ወገቧ ሥር ትራስ ያድርጉ፤ ቀጥ ብላ በጀርባዋ ከተኛች ማህጸኑ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ራሷን ያዞራታል።

ጭንቅላት ላይ ሁለቱ ታላመሶች (በአንጎል መሐል ያሉት ጥንድ ክፍሎች) ከመሐል መስመሩ ግራና ቀኝ እኩል ይታዩ። ትንሹ አንጎል ከታየ ፕሮቡ ዘንበል ብሏል። ስፋቱን ከቅርቡ አጥንት የውጭ ጠርዝ እስከ ሩቁ አጥንት የውስጥ ጠርዝ ይለኩ። የጭን አጥንት በስክሪኑ ላይ ተጋድሞ ሁለቱም ጫፎቹ በግልጽ ይታዩ፤ ቆሞ ከታየ ያጥርብዎታል።

ዋናው ሥራ ሆድ ነው። የሚፈልጉት ክብ ቅርጽ ነው፤ በአንድ ጎን ጥቁሯ ጨጓራ፣ በጉበቱ ውስጥ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ አጭር የእትብት ደም ሥር፣ ከጀርባ የአከርካሪው ሦስት ነጭ ነጥብ፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ረጅም ጎድን። ልብ ከታየ ወደ ላይ ወጥተዋል፤ ኩላሊት ከታየ ወርደዋል። ጎድኖቹ ተቆራርጠው ከበዙ የተቆረጠው አግድም ሳይሆን ሰያፍ ነው። ፕሮቡን አይጫኑ፣ ክቡ ይሞላለላል። ዙሪያውን የሚለኩበት መስመር የሚያርፈው በጎድን ላይ ሳይሆን በቆዳው ውጫዊ ጠርዝ ነው፤ በብዛት የምናየው ጥፋት ይኸው ነው፣ በተለይ የሽርት ውሃ ያነሰ ሲሆንና ቆዳው ከማህጸኑ ግድግዳ ጋር ሲቀላቀል። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ።

ስፋት 9.2፣ የጭንቅላት ዙሪያ 33፣ ሆድ 33፣ ጭን 7.2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቀመሩ 3,096 ግራም ይላል። ሆዱን ብቻ 34 ያድርጉት፤ 3,244 ይሆናል። አንዲት ሴንቲ ሜትር ወደ 150 ግራም አመጣች ማለት ነው።

ምጥ ሲቃረብ ጭንቅላቱ ዳሌ ውስጥ ገብቶ ካልተያዘ በግምት አይክበቡት፤ በሆድና በጭን ብቻ የሚሠራ የሃድሎክ ቀመር አለ።

ሪፖርት ላይ 3,096 ብቻ ብሎ መጻፍ እናትን ማሳሳት ነው። ሳይሳሳቱ ተለክቶም 10 በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው፤ 15 የሚደርስበት ጊዜም ብርቅ አይደለም። ስለዚህ «ከ2,800 እስከ 3,400» ይበሉ። ወረቀቱን ቤት ወስደው «4 ኪሎ ሆኗል፣ ቀዶ ጥገና ይሻላል» የሚሉ ዘመዶች አይጠፉም፤ ስኳር በሌላት እናት ግን በክብደት ግምት ብቻ ቀዶ ጥገና የሚታሰበው 5,000 ግራም ሲደርስ ነው፣ ስኳር ካለባት 4,500።

እድገቱን ለመከታተል ከሆነ ከ2 ሳምንት በታች አይድገሙ፤ የልኬቱ ስህተት ልጁ በዚያ ጊዜ ከጨመረው ሊበልጥ ይችላል።