እርሳስ የምትጨብጠው ልጄና ሁለቱ ጡቦች
ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። እርሳሱን በጡጫዋ ጨብጣ ስትጽፍ ደብተሯ ይቀደዳል። ግማሽ ገጽ ሳትሞላ «እጄን አመመኝ» ትላለች።

የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ እጇን በሞቀ ውሃ አሟሟቅኩ። ወይ ፍንክች! ፊደል ደጋግማ እንድትጽፍ ማድረጌ ጭራሽ አስጠላት። ወፍራም እርሳስም ገዛሁ፤ እሱንም ጨበጠችው።

መፍትሔው ከእግሯ ጀመረ። ወንበሩ ላይ እግሯ ይንጠለጠል ነበር። ሰውነት ካልተደላደለ ጣት ማዘዝ ይከብዳል። ሁለት ጡብ በጨርቅ ጠቅልዬ ከእግሯ ሥር አስገባሁ። ከዚያ እርሳሱን በአውራ ጣቴ ልክ አሳጥሬ ቆረጥኩት። ለጡጫ ቦታ ስለሌለው በሦስት ጣቷ መያዝ ግድ ሆነባት። ጣቷ እንዲጠነክር ማታ ማታ ምስር ትለቅማለች፣ ሊጥ ታሻለች (ጠጠሩ ወጥ ውስጥ መግባቱ አልቀረም)።

በሦስተኛው ሳምንት ገጹን ሳትቀድድ ሞላች። መምህሯም ዝቅ ወዳለው ዴስክ አዛወረቻት።