የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ የተጻፈውን «ኤችኤምኦ» እንዴት እናነባለን?

ልጃችን ሦስት ወር ሲሞላት ሐኪሟ ከጡት በተጨማሪ የዱቄት ወተት እንድንሰጣት ነገሩን፤ እኔም ፋርማሲ ገብቼ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን ጣሳ አነሳሁ። ፊቱ ላይ «ፕሪባዮቲክ ያለው» (የአንጀትን ጠቃሚ ተሕዋስያን የሚመግብ ነገር ያለው ማለት ነው) ተብሎ በደማቁ ስለተጻፈ፣ ኤችኤምኦ የሚባለው የእናት ወተት ስኳር ያለበት መስሎኝ ነበር። ጣሳው ሊያልቅ ሲቃረብ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ግን ከላም ወተት ስኳር የሚሠራ «ጂኦኤስ» ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ሐኪም ማማከር ይገባል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ይህን ስኳር ከጣሳ መፈለግ አያስፈልገውም፤ በአንድ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ግራም ይገኛል፣ ዓይነቱም ከ150 በላይ ነው። ጣሳው የሚይዘው ከእነዚህ አንዱን ወይም ጥቂቶቹን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጣሳውን አዙሮ የይዘቱን ዝርዝር ማንበብ ነው። «ጂኦኤስ» እና ከእፅዋት የሚገኘው «ኤፍኦኤስ» ፕሪባዮቲክ ቢሆኑም ኤችኤምኦ አይደሉም። በብዛት የሚጨመረው 2'-ፉኮሲልላክቶስ ስለሆነ፣ ከ2 ቁጥር ቀጥሎ ትንሽ ጭረት ያለበትን ስም በጣት እየተከተሉ መፈለግ ይቀላል፤ ላክቶ-ኤን-ኒዮቴትራኦስ የሚለውም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ከእናቶች ወተት የተቀዱ ሳይሆኑ በፋብሪካ ጋን ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት የሚመረቱ፣ በቅርጻቸው ግን ከእናት ወተቱ ጋር አንድ የሆኑ ስኳሮች ናቸው።

ጥቅማቸውን መመዘን ሌላው ሥራ ነው። ሕፃኑ ይህን ስኳር ስለማይፈጨው ሳይለወጥ ትልቁ አንጀት ይደርስና ቢፊዶባክቴሪያ የተባሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይመግባል፤ አንዳንድ ጎጂ ጀርሞችም በአንጀት ግድግዳ ፋንታ ስኳሩ ላይ ተጣብቀው እንዲወጡ ያደርጋል። በ2017 በታተመ አንድ ጥናት፣ ሁለቱ ስኳሮች የተጨመሩበትን ወተት የጠጡ ሕፃናት ብሮንካይተስ እንደቀነሰላቸው ወላጆች ተናግረዋል፤ ይሁንና የጥናቱ ዋና ጥያቄ የሕፃናቱ የክብደት ዕድገት ስለነበር ውጤቱን እንደ ዋስትና መውሰድ አይገባም። በእኔ አስተያየት ኪስ ከቻለ ይገዛ፣ ካልቻለ ደረጃውን የጠበቀ ተራው ወተት የሕፃኑን ምግብ ያሟላል። ውዱን ገዝቶ እንዲበረክት ውኃ ማብዛት ግን ሕፃኑን ማስራብ ነው።

ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ የፈላው ውኃ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይበጠበጣል፤ ስኳሩ በዚህ ሙቀት አይበላሽም። ጡጦውን አቀዝቅዞ፣ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን ሞክሮ መስጠት ነው። ከተበጠበጠ 2 ሰዓት ያለፈውም ሆነ ሕፃኑ ያስተረፈው ይደፋል። የአንዱ ጣሳ መለኪያ ማንኪያ ከሌላው ጋር እኩል ላይሆን ስለሚችል፣ ጣሳ ሲቀየር ማንኪያውም አብሮ ይቀየር።