የቤታችሁን ግሽበት በደብተር መያዝ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሮቢት

እትዬ ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው፣ እኔ ደብረ ብርሃን። ስልክ ስንደዋወል ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ሽንኩርት እናንተ ጋ ስንት ገባ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። «ውይ በሞትኩት! እዚህ እኮ ግማሹ ነው» ብላ ታዝንልኛለች፣ ግን ሳቋ ይሰማኛል። እኔም አልተዋትም፣ የባቄላና የገብስ ዋጋ እጠይቃታለሁ፣ ያን ጊዜ ተራው የኔ ይሆናል። በመካከላችን መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከጣርማ በር ቁልቁል መውረድ ነው፣ አለቀ። ዘንቢላችን ግን አንድ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ቀን ሬዲዮ «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» አለ። ሁለታችንም ሰማን፣ ሁለታችንም ተናደድን። እትዬ «የት አገር ነው የቀነሰው?» ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። እኔ ደግሞ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የቤቴን ግሽበት ራሴ ነው የማሰላው። ከባድ ነገር የለውም፣ ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሬዲዮው ምን እያለ እንደሆነ እንግባባ። ቁጥሩን በየወሩ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው፣ የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ። የአገሩንም የየክልሉንም ያወጣል። ለዓመታት የተሠራበት መነሻ ታኅሣሥ 2009 ነው፣ የዚያ ወር ዋጋ 100 ተብሎ ሌላው ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። ዋጋቸው ከሚቆጠረው ዕቃዎች ሁሉ፣ ቅርጫት ከሚሉት፣ ከግማሽ በላይ የሚይዘው ምግብ ነው። እስካሁን ጥሩ። ችግሩ የአማራ ክልል ቁጥር ሲባል ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም፣ ደሴም፣ እኛም አንድ ድስት ውስጥ መግባታችን ነው። አማካይ ነው። የማንም ቤት አማካይ አይደለም።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ያ «ቀነሰ» የሚለው ቃል ነው። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማርሽ ቀንሶ ያቃስታል፣ እግረኛ ሊቀድመው ምንም አይቀረው። ግን እየወጣ ነው። ግሽበት ቀነሰ ማለት ይሄው ነው፣ ዋጋው መውጣቱን አላቆመም፣ የሚወጣበት ፍጥነት ነው የቀዘቀዘው። በ100 ብር የምትገዙት ዕቃ አንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ በግማሽ ወርዶ 15 በመቶ ቢሆን ዕቃው 149 ብር ከ50 ይገባል። ዜናው እውነት ነው፣ የእትዬ ንዴትም እውነት ነው።

ሁለተኛው ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። የአንዱ ክልል ጠቋሚ ቁጥር፣ ያ ከ100 የሚነሣው፣ ከሌላው ስለበለጠ እዚያ ኑሮ ውድ ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ የተነሣው ከራሱ 100 ነው። ለምሳሌ ያህል ሮቢት ሽንኩርት ከ40 ወደ 60 ብር ቢወጣ ጭማሪው 50 በመቶ ነው። ደብረ ብርሃን ከ60 ወደ 78 ቢወጣ 30 በመቶ ነው። ግሽበቱ የባሰው ሮቢት ነው፣ ሽንኩርቱ የሚወደደው ግን አሁንም እኔ ጋ ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ «ስንት ገባ» እና «በስንት ጨመረ» የሚሉትን ለየብቻ ያዙ።

አሁን ወደ ደብተሩ። ባለፈው ወር የሸመታችሁትን አስቡና ከ12 እስከ 15 ዕቃ ጻፉ። የምትመኙትን ሳይሆን የምትበሉትን። እኔ መጀመሪያ 40 ዕቃ ጽፌ በሦስተኛው ሳምንት ሰልችቶኝ ደብተሩን ልጆቹ ሥዕል ሣሉበት። በኛ ቤት ጤፍ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ኩበትና ከሰል፣ የቤት ኪራይ፣ ታክሲ ናቸው። ከጎናቸው በወር ስንት እንደምትፈጁ ጻፉ፣ ጤፍ ይህን ያህል ኪሎ፣ ዘይት ይህን ያህል ሊትር። ይቺን መጠን ዓመቱን ሙሉ አትንኳት። በዓመት አንዴ የሚገዛውን፣ በርበሬን፣ የልጆች ዩኒፎርምና ደብተርን፣ ለ12 አካፍላችሁ አስገቡ፣ አለዚያ መስከረም ላይ ያበደ ቁጥር ይመጣባችኋል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አጣብቋት። ደመወዝ የማይከፈልባት፣ እኛ ግን የምንበላባት ወር ናት።

«ጤፍ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የምንጃር ነጭ ጤፍና ሰርገኛ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ሰው እጅ ሲያጥረው ከነጭ ወደ ሰርገኛ፣ ከሰርገኛ ወደ ቀይ ይወርዳል። ዓይነቱን ካልጻፋችሁት ደብተሩ «ጤፍ አልጨመረም» ይላችኋል፣ የወረደው ግን እንጀራችሁ ነው። ዘይትም እንዲሁ፣ ባለ 5 ሊትሩን ከተከተላችሁ ሁልጊዜ ባለ 5 ሊትሩን።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጉድ ያለው መስፈሪያው ላይ ነው። ቲማቲም የምገዛት ባለ ጉልት አለች። መደቧን ስትደረድር ማየት ደስ ይላል፣ ሦስቱን ከታች፣ አንዷን ከላይ፣ የላይኛዋን በነጠላዋ ጫፍ ወልወል ታደርጋታለች፣ የተመታው ጎን ወደ መሬት ይዞራል። መደቡ 40 ብር ነበር። ለሁለት ወር 40 ብር ሆኖ ቆየ፣ እኔም ደብተሬ ላይ 40፣ 40 እያልኩ ቲማቲም ጨዋ ነው ብዬ አመሰገንኩ። አንድ ቀን ቤት ወስጄ ብመዝነው 650 ግራም። መጀመሪያ ስመዝነው 900 ግራም ነበር። አስሉት፣ ኪሎው ከ44 ብር ወደ 61 ብር ተኩል ወጥቷል፣ 38 በመቶ ገደማ። ዋጋው አልተነቃነቀም፣ ቲማቲሟ ነች የከሳችው። ባለ ጉልቷን አልወቅሳትም፣ እሷም ካመጣችበት ተወዶባታል። ብቻ በመደብ የሚሸጠውን ሁሉ መዝኑት፣ ዳቦውንም፣ ሳሙናውንም። ዋጋው ቆሞ ግራሙ የሚወርድ ዕቃ ሞልቷል።

ጣሳም አለ። ሁለት ጣሳ አንድ አይደለም፣ ቂጡ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ ጣሳ ስንት ፍሬ ምስር እንደሚበላ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። የሰፈራችሁን ጣሳ አንዴ ገዝታችሁ ቤት መዝኑና «የእነ እገሌ ጣሳ ይህን ያህል ግራም» ብላችሁ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ወደ ኪሎ ለውጡ። የቤት ሚዛን ከሌላችሁ ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ፣ ደንበኛ ከሆናችሁ እምቢ አይሏችሁም።

ዋጋውን በወሩ አጋማሽ፣ በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ሻጭ ጠይቁ። በተቻለ መጠን በገበያ ቀን ይሁን። የተጠራላችሁን ዋጋ ሳይሆን ተከራክራችሁ የከፈላችሁትን ጻፉ። በበዓል ዋዜማ የሰማችሁትን ዶሮና ቅቤማ ጭራሽ አትመዝግቡት፣ ያ ዋጋ ሳይሆን ግርግር ነው።

ስሌቱ ይኸውና። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያመጣኋቸው። ጤፍ 25 ኪሎ አምና 3000 ብር፣ ዘንድሮ 3300። ዘይት 5 ሊትር 1000 የነበረው 1200። ሽንኩርት 8 ኪሎ 400 የነበረው 640። ጨው 20 የነበረው 40። የአምናው ድምር 4420፣ የዘንድሮው 5180። ዘንድሮን ለአምና አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ 100 ቀንሱ። 17 በመቶ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመጣል። የናንተ ግሽበት ያ ነው። አንዳንዱ ሰው መቶኛዎቹን ደምሮ ለአራት ያካፍላል፣ ጤፍ 10፣ ዘይት 20፣ ሽንኩርት 60፣ ጨው 100፣ አማካዩ 47 ተኩል ይሆናል። ስሕተት ነው። ጨው እጥፍ ሆነ ብሎ ቤት አይፈርስም፣ ጤፍ ላይ 10 በመቶ ስትጨመር ግን 300 ብር ሄደ። መጠኑን ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው።

ከባለፈው ወር ጋር ማነጻጸር ብዙ አይጠቅምም። ጤፍ አዝመራው ገብቶ ጥር ላይ ሲረግብና ክረምት ላይ ጎተራ ሲጎድል አንድ አይደለም። ጥርን ከጥር፣ ነሐሴን ከነሐሴ። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጥ አንድ ነገር አለ፣ ጾም። ፋሲካ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል፣ 2016 ላይ ሚያዝያ 27 ነበር፣ 2017 ላይ ሚያዝያ 12። ስለዚህ በ2016 ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እንቁላል የሚገዛ ጥቂት ነበር፣ በ2017 በዚያው ሰሞን ግን ሰው ፈስኮ በዓለ ሃምሳ ገብቷል። ሁለቱን ካነጻጸራችሁ የእንቁላልና የቅቤ ዋጋ ያለ ጥፋቱ ሰማይ የነካ ይመስላል፣ ምስርና ሽሮ ደግሞ በተቃራኒው። እኔ የጾሙን ሳምንት እቆጥራለሁ፣ አራተኛውን ሳምንት ከአራተኛው።

አሁን ደግሞ ከየት መጣ የሚለው። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን አንድ ፊደል አድርጉ። «ው» ከውጭ አገር፣ «ፋ» ከአገር ውስጥ ፋብሪካ፣ «ደ» ከደጃችን። የምግብ ዘይት አብዛኛው ው ነው። ሳሙና ፋ ነው። የጅሩ ስንዴ፣ የመንዝ በግ፣ የሮቢት ሽንኩርት፣ የደብረ ብርሃን ዙሪያ ገብስ ደ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የምታዩት ው የሚለውን ረድፍ ነው። ነዳጅ ሲጨምር ሁሉም በትንሽ በትንሹ ይነሣል፣ ከአዲስ አበባ የራቀው ደግሞ ይብሳል፣ ለዚህ ነው መንዝ ያለችው መሐል ሜዳ ስኳር ከኛ የሚወደደው። ደ ብቻውን ከዘለለ ወይ ዝናቡ ነው ወይ መንገዱ። መንገድ ሲዘጋማ ሮቢት ሽንኩርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ እዚህ ኪሎው ጣሪያ ይነካል፣ የክልሉ አማካይ ሁለቱን ደምሮ ምንም እንዳልሆነ ያሳያል። ኩበትም ክረምት ላይ እንዲሁ ነው፣ እርጥቡ አይነድም፣ ደረቁ ያለው ሰው ደግሞ በልኩ አይሸጥም።

ዘመድ ያላችሁ ሰዎች «ከሮቢት ላስመጣ ወይ?» ብላችሁ ማሰባችሁ አይቀርም። የኪሎውን ዋጋ ብቻ አትዩ። በ40 ብር 20 ኪሎ 800 ብር፣ የጭነት 100 ብር ጨምሩ፣ ሁለት ኪሎ በመንገድ ተበላሸ በሉ። 900 ብር ለ18 ኪሎ፣ ኪሎው 50 ገባ። እዚህ 60 ከሆነ ያዋጣል። 52 ከሆነ ግን የላከላችሁ ሰው ድካም ነው የሚተርፋችሁ። 5 ኪሎ ለማስመጣትማ አትልፉ፣ ትንሽም ብትሆን ጫኚው በልኳ አያስከፍላችሁም። ጤፍን ግን ጥር ላይ ከጎረቤት ጋር ኩንታል ገዝቶ መካፈል የኔ ደብተር በየዓመቱ የሚያረጋግጠው ነገር ነው፣ ነቀዝ እስካልገባው።

ደብተሩ ለሌላም ይጠቅማል። አከራዬ «ኑሮ ተወደደ» ብለው ኪራይ ላይ 40 በመቶ ሊጨምሩ ሲመጡ ደብተሩን አውጥቼ የዓመቱን ቁጥር አሳየኋቸው። ቡና ተፈላ፣ መነጽራቸውን አድርገው ረድፉን አንድ በአንድ አዩ፣ በተለይ ኩበቱ ላይ ቆዩ። 20 ላይ ተስማማን። ሁሉም አከራይ እንዲህ ይሆናል አልልም።

እትዬም አሁን ትይዛለች። የሷ ቁጥር ባለፈው ከኔ በአራት ነጥብ በልጦ መጣና ተከራከርን። ኋላ ስናየው እሷ የምታነድደው ከሰል ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ግማሹን በኩበት እሸፍናለሁ፣ በዚያ ዓመት የዘለለው ከሰሉ ነበር። ትናንት ደወለችልኝ፣ እንደ ልማዷ።

«ሽንኩርት እናንተ ጋ ስንት ገባ?»

«በኪሎ ነው በጣሳ?» አልኳት።

«የማን ጣሳ?» አለችኝ።